የቀኝ ጌታው ድምፅ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በምትሄደው ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ጥቅልል ሽቦ ታቅፏል። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዞረው አዩት።

«ምነው፣ ስልክ ልትዘረጋ ነው?»

«የቴፕ ስፒከር ሽቦ ነው፣ ጋሼ። ቀጭን ስለሆነ በወፍራም ልለውጠው ፒያሳ መሄዴ ነው።»

«ሬዲዮ ስጠግን ነው ያረጀሁት። ቀጭኑ ምን አደረገህ?»

«የአባቴን ድምፅ አሳሳብኝ። ቀኝ ጌታ ነበሩ፣ የቀኙ ወገን መሪ፤ ዜማቸውን በካሴት ቀርጬዋለሁ። ካረፉ ወዲህ ለእናቴ ባሰማት ‹ይኼስ እሳቸው አይደሉም› ብላ ተነሥታ ወጣች።»

«ሽቦው በአንድ ጠርዙ ነጭ መስመር አለው?»

«አለው።»

«ባለመስመሩን በሁለቱም ስፒከር ቀዩ ማሰሪያ ላይ ነው ያሰርኸው?»

«የቀኙን ቀዩ ላይ፣ የግራውን ጥቁሩ ላይ።»

«ለምን ሲባል?»

«በማኅሌት ቀኝና ግራ ፊት ለፊት ቆመው አይደል የሚቀባበሉ? ስፒከሩም እንደዚያ መስሎኝ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

«አይ የደብተራ ልጅ! ስፒከር አይቀባበልም፤ እኩል ነው የሚተነፍስ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ወፍራሙ ድምፅ መሐል ላይ ይጠፋል። የግራውን ገልብጠህ እሰረው። ሽቦህ ሸጋ ነው፣ አትለውጠው።»

«እናቴ ታውቃቸው ይሆን?»

«ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ታውቃቸዋለች።»

«ወራጅ አለ!» አለ ወጣቱ፤ ፒያሳ ገና ሩቅ ነበር። ሽቦውን እንደታቀፈ ወርዶ፣ ወደ አዘዞ የሚመለስ ታክሲ ሊይዝ መንገዱን ተሻገረ።

እኔም ቦርሳዬን ከጭኔ ሳላወርድ፣ እሱ የለቀቀውን ቦታ ባዶውን ትቼ ፒያሳ ደረስሁ።