ከምንም ያልተያያዘው የእጅ ፍሬን፦ የአቶ ተክለማርያም ጌታነህ የምስክርነት ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ተክለማርያም ጌታነህ በላይነህ
ዕድሜ፦ 73
ሥራ፦ የመኪና ጥገና
አድራሻ፦ ሮቤ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ዲንሾ፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ነጋ ዲኖ

ከላይ ስሜ የተጻፈው እኔ በሮቤ ከተማ አርባ ስድስት ዓመት መኪና ጠግኛለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ የተማርኩት የተበላሸ በመፍታትና መጽሐፍ በማየት ነው። ቃሌ በአማርኛ እንዲጻፍና ያላልኩት ነገር እንዳይገባበት ጠይቄ መርማሪው ተስማምተዋል።

አቶ ፍቅረየሱስ የሮቤ እህል ነጋዴ ሲሆኑ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አላቸው። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ወደ እኔ ጋራዥ አመጡት። የኋላ ፍሬኑ ባለ ታምቡር ነበር፤ ሸራው በብረት ከበሮ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ እየተገፋ የሚይዝ ዓይነት ነው። ታምቡሩ ከአንዴም ሁለቴ ቶርኖ ቤት ተልጦ ሳስቷል። ጭቃ ይገባበታል፤ የሃረናን ቁልቁለት ሲወርድ እየጋለ አይዝም። አዲስ ታምቡር ተፈልጎ ታጣ። ስለዚህ የኋላውን ወደ ዲስክ እንድቀይረው ተስማማን። ከተገጨ የቤት መኪና የፊት እግር ሁለት ዲስክና ዲስኩን ጨምቀው የሚይዙትን ሁለት ካሊፐር ፈታሁ። የዲስኩን ቀዳዳ ቶርኖ ቤት አሰፋሁ፤ ካሊፐሩ የሚታሰርበትን ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ ራሴ በየድኩ። በትንሽ ወጪ ያለቀ ሥራ ነው፤ የእግር ፍሬኑም በደንብ ያዘ። ዛሬም ቢሆን ስለ እግር ፍሬኑ ሥራዬ ትክክል ነው እላለሁ።

ነገር ግን የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይስብ የነበረው በታምቡሩ ውስጥ ያለውን ሸራ ነው። ታምቡሩ ሲወጣ ገመዱ የሚስበው ነገር አጣ። የእጅ ፍሬን ያለው የኋላ ካሊፐር አለ፤ አቶ ፍቅረየሱስ ግን ውድ ነው ብለው ተዉት። ገመዱን ቆርጬ አወጣሁ። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለውን ማንሻ ግን አልነቀልኩም፤ ቢነቀል ወለሉ ክፍት ሆኖ አቧራ ያስገባል ብዬ ነው። መኪናውን ሳስረክብ ለአቶ ፍቅረየሱስ፣ "ከእንግዲህ ይህ መኪና የእጅ ፍሬን የለውም። ሲቆም ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ይደረግ። ለሹፌርዎ ይንገሩ" አልኳቸው። "እሺ ጋሼ" አሉ።

ለሹፌሩ ለደራራ ለሜሳ እኔ ራሴ አልነገርኩም። መርማሪው ለምን ብለው ጠይቀውኛል። እኔ የሰው ሠራተኛ አላዝም። ባለቤቱ እያለ ሹፌሩን ጠርቼ ይህን አድርግ፣ ያንን ተው ብዬ አላውቅም። አርባ ስድስት ዓመት የሠራሁት እንዲህ ነው።

ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን ፍሬኑን በጭነት ለማየት ከደራራ ጋር ከሮቤ ተነሳሁ። መኪናው የድንች ዘር ጭኖ ነበር። በመንገድ ላይ ደራራ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ፍሬን እርስዎን ይመስላል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም" ብሎ ሳቀ። መንገድህን እይ አልኩት።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ዲንሾ ገባን። ደራራ ገበያው አጠገብ ባለው ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማውን ጉድጓድ ውስጥ አሳርፎ አቆመ። ዘሩን የሚረከበውን ሰው ሊፈልግ ሲሄድ በሮቹን ቆለፈ። ቀድሜ ወርጄ ስለነበር የእጅ ፍሬኑን ሲስብ አላየሁትም። ድንጋይ አለማድረጉን ግን አይቻለሁ። ያደርጋል ብዬ ጠበቅኩ እንጂ አልተናገርኩም።

ጎንበስ ብዬ የኋላው ቸርኬ መጋሉን በእጄ እየዳሰስኩ ሳለ ሁለት አውራጆች ጭነቱ ላይ ወጡ። መኪናው ተወዛወዘ፤ የፊት ጎማውም ከጉድጓዱ ወጣ። የኋላው ጎማ ከእጄ ስር ሲዞር ተሰማኝ። አውራጆቹ ዘለው ወረዱ። ወደ ሹፌሩ በር ሮጬ እጀታውን ያዝኩ፤ ተቆልፏል። በመስታወቱ የእጅ ፍሬኑ ማንሻ እስከ መጨረሻው ተስቦ አየሁ። የማርሹ ዘንግ ደግሞ ዜሮ ላይ ነበር፤ ማርሽ አልገባም። ሰዎች "የእጅ ፍሬን ሳቡ" እያሉ ይጮሁ ነበር። ተስቧል። እዚያ ከነበርነው ከምንም እንዳልተያያዘ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጀታውን እንደያዝኩ አሥር እርምጃ ያህል አብሬ ሄድኩ። ከዚያ ለቅቄ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ ጎማው ረግጦት አለፈ።

ሱሀይላ የምትባለው ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ከቁልቁለቱ ግርጌ ለመኪናው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ስሟን አላውቅም ነበርና "አንቺ፣ አንቺ" ብዬ ጮህኩ። መኪናው ከፊቷ ካለው ግንብ ጋር አጣበቃት። ሰዎች መስታወት ሰብረው ገብተው፣ መኪናውን ወደ ኋላ ለመግፋት ብለው ማንሻውን አወረዱት። ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ወርዶ ያገኘው ለዚህ ነው። ደራራ ሳይስብ ሄደ ተብሎ የታሰረበት ነገር እውነት አይደለም። የሱሀይላ ግራ እግር ከጉልበት በታች መቆረጡን ዛሬ ጠዋት ሰምቻለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አቶ ፍቅረየሱስ ቤቴ መጥተው፣ "ጋሼ፣ ልጁ አልሳበም፣ አለቀ። እርስዎን ምን አስገባዎት? ጋራዥዎ ይዘጋል" አሉኝ። ይዘጋ አልኩ። እሳቸው እንደወጡ የደራራ ባለቤት ወርቂቱ መጣች። "ማሎ ጋሼ፣ የፍሬኑን ይናገሩ። ማርሹን ግን አላየሁም ይበሉ" ብላ ለመነችኝ። አይቼዋለሁ አልኳት። "ማየትዎን ማን አየ?" አለች። ቡና እንኳ ሳላቀርብላት ሄደች።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ደራራ ይፈታል ወይ ብዬ መርማሪውን ጠየቅኩ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን እርስዎ ራስዎ ስለመሰከሩ ለጊዜው አይፈታም፣ ቀሪውን ዐቃቤ ሕግ ያየዋል አሉኝ። እንግዲያው እኔም ልታሰር፣ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ። ዛሬ የተጠሩት ለምስክርነት ነው አሉ።

ቃሌ ከተነበበልኝ በኋላ የሚታረም እንዳለ ተጠየቅኩ። ስለ ማርሹ የተጻፈው መስመር ይደገምልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነበበልኝ። አይሰረዝ አልኩ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የሠራሁት ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። ለዚህም እፈርማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተክለማርያም ጌታነህ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ሳጅን ነጋ ዲኖ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ የተጠርጣሪው ባለቤት ወርቂቱ ስንቅ ይዛ በሩ ላይ መቆሟን በመስኮት አይተው ሌላ መውጫ እንዳለ ጠየቁ። ጣቢያው አንድ በር ብቻ እንዳለው ተነገራቸው። ይህ እስከተጻፈበት 5፡45 ድረስ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።