የአቶ ዱሬሳ ጋራዥና የሚወርደው ብሬከር

የካ ሚካኤል ዳገት ላይ ባለው የአቶ ዱሬሳ አሮጌ ቤት፣ ጋራዡ መኪና አልነበረበትም። የነበረው አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬትና ስልሳ እንቁላል የያዘ የመፈልፈያ ማሽን ነው። መብራቱ ከቤቱ የሚደርሰው በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ በተሳበ ሽቦ ሲሆን፣ ብሬከሩ በየሳምንቱ በራሱ እየወረደ መብራቱን ያቋርጣል። የመጀመሪያው ዙር እንቁላል በዚሁ ምክንያት በእንጦጦ ብርድ ቀዝቅዞ ተበላሽቷል፤ ይኸኛውም ከተበላሸ አዛውንቱ የጫጩት ሥራውን እርግፍ አድርገው ሊተዉት ቆርጠዋል።

አንድ ቀን ከሾላ ገበያ ሲመለሱ፣ ታክሲ ተራ ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ሲፋንን አገኟት። ሲፋን ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራ ሥራ ይዛለች።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ዱሬሳ? ምን ገዝተው ነው ፊትዎ እንዲህ የበራው?»

«መድኃኒቱን ነዋ!» አሉና ከፌስታሉ ብሬከር አወጡ። «ያኛው ፈሪ ነው። ይሄ እጥፉን ይችላል ብሎኛል ሻጩ።»

«ጋሽዬ፣ ውሻዎ ሌባ አይቶ ሲጮህ ውሻውን ይለውጡታል?»

«ሌባው የት አለና! የሚጮኸው በባዶ ሜዳ ነው።»

«እስቲ አብረን እንየው። ካላገኘን እንደፈለጉ ይቀልዱብኛል።»

አቶ ዱሬሳ እሺ አሉ፤ በልባቸው ግን «ትናንት አፍንጫዋን ስጠርግላት የነበረች ልጅ!» ይሉ ነበር።

ሲፋን ከቤቷ የኤሌክትሪክ መሞከሪያዋን ይዛ መጣች። ማሽኑን ነቅላ፣ አምፖሉን አጥፍታ ብሬከሩን አውርዳ መልሳ አነሣች፤ አልወረደም። አምፖሉን አበራች፤ አልወረደም። ማሽኑን ሰካች፤ አሁንም አልወረደም።

«እንግዳ ሲመጣ ጨዋ ይሆናል» ሲሉ አቶ ዱሬሳ አፌዙ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የማሽኑ አይመስለኝም። መጨረሻ የወረደው መቼ ነው?»

«ትናንት፣ እኩለ ቀን ላይ።»

«ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«ምን ይሠራል? ባለቤቴ ጂቱ ብርድ ልብስ አጥባ እያሰጣች ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቅዳሜ። ጋቢዬን አጥባ…»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ዞር ብለው የልብስ ማስጫውን ተመለከቱ። የማስጫው ገመድ የታሰረው የመብራቱ ሽቦ በተንጠለጠለበት ሚስማር ላይ ነበር።

ሲፋን መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍታ፣ መጥፋቱንም በመሞከሪያዋ አረጋግጣ መሰላል ወጣች። እርጥብ ልብስ በተሰቀለ ቁጥር ሚስማሩ እየተጎተተ፣ ሽቦው ከቆርቆሮው ስለት ጋር ሲፋተግ ኖሮ በውስጡ ያሉት የሁለቱም መስመሮች ፕላስቲክ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል፤ ሁለቱ ቆርቆሮውን አንድ ላይ በነኩ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር።

«በፕላስተር ጠቅልይውና ውረጂ» አሉ አቶ ዱሬሳ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ፕላስተሩ ነገ ይላጣል። ትልቁን ብሬከር ቢገጥሙት ደግሞ ይህ ቀጭን ሽቦ ከአቅሙ በላይ እስኪግል ዝም ይላል። እትዬ ጂቱ እርጥብ ልብስ ይዘው ይህን ቆርቆሮ ሲነኩ ያስቡት።»

አቶ ዱሬሳ አሰቡት። ለእንቁላሉ ሲጨነቁ ከርመው ለባለቤታቸው አለመስጋታቸው አንገታቸውን አስደፋቸው።

«ለካ ስሰድበው የኖርኩት ጠባቂዬን ነው! በይ እንዳልሽው ይሁን።»

ሽቦው እስኪቀየር እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝ ወይዘሮ ጂቱ እያጉረመረሙ ማሽኑን ሳሎን አስገቡት። በማግስቱ አዲስ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተዘረጋ፤ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ የመሬት መስመርም ተጨመረበት። ለልብስ ማስጫው ለብቻው እንጨት ተተከለ፤ ትልቁ ብሬከርም ለሻጩ ተመለሰ። ብሬከር ሲወርድ ከመለወጥ በፊት ያወረደውን መፈለግ እንደሚገባ ዛሬ ለሰፈሩ የሚመክሩት አቶ ዱሬሳ ራሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ጂቱ እንደ ወትሮው ያጥባሉ፣ ያሰጣሉ፤ ብሬከሩም ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልወረደም። ከስልሳው እንቁላል ሃምሳ አንዱ ጫጩት ሆኖ ወጣ።