የመሪጌታ ሊኑክስ

ልንገራችሁና ፍረዱኝ። መሪጌታ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከጅጋ ድረስ ተማሪ የሚመጣላቸው የፍኖተ ሰላም የቅኔ መምህር። የእሳቸውም የእኔም አሮጌ ኮምፒውተር እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረን፣ አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ላይ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ትዕዛዝ እየጻፉ የሚያሠሩትን ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩ። ለእኔም አዲስ ነበር፤ ግን የኮምፒውተር መምህር ነኝና እንደ አዋቂ ሆኜ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በወሩ ልጠይቃቸው ብገባ፣ ምንም ሳያዩ ይጽፋሉ። እኔ እስከ ዛሬ ከደብተር ነው የምገለብጠው! «ደብተርዎ የት አለ?» አልኳቸው። «የምን ደብተር፣ ልጄ? አንድ ጊዜ ነግረኸኝ የለም እንዴ?» ለካ ትዕዛዙን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘው፣ ጠዋት ጠዋት በዜማ ያወርዱታል።

ቅናት ክፉ ነው፤ ፋይል ወደ ፍላሽ የሚገለብጠውን ትዕዛዝ ላስታውስዎ ብዬ ሆን ብዬ አዛብቼ ነገርኳቸው። ጣታቸው ቆመ። «የዚያን ቀን እንዲህ አላልከኝም» አሉና ትክክለኛውን ጻፉት፤ ሠራ። «ደክሞህ ነው፣ ልጄ» ብለው አለፉልኝ። ልወጣ ስል በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ብድግ አሉ። «ኧረ ይቀመጡ!» ብል፣ «መምህር ሲወጣ ተቀምጦ መሸኘት በእኛ ቤት የለም» አሉኝ። እርር እንዳልኩ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ደብተሬን ትምህርት ቤት ረስቼዋለሁ፤ አፌ ላይ የሚመጣው ደግሞ ያ ያዛባሁት ብቻ ነው። ስልኬን አነሳሁ።

«የኔታ፣ እስቲ አንዴ ይበሉልኝ።»