ለእንግዳ የተቆለፉ መጽሐፎች

«እማ፣ መጽሐፍ በመስታወት ነው እንዴ የሚነበበው?» አለችኝ ልጄ ሀያት። ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ያለው የሐበሻ ትምህርት ቤታችን መጽሐፍ አልነበረውም። ቤቷ የምሠራላት ማዳም የልጆቿን መጽሐፎች ስትሰጠኝ በሻንጣ ጎትቼ ወሰድኩላቸው፤ መምህርቷ እልል አለች። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ከድር ግን መጽሐፎቹን ባለመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው።

ሄጄ ብጠይቃቸው «ልጆች ያቆሽሹታል። እንግዳ ሲመጣ እንዲታይ ነው» አሉኝ።

«የቡፌ ብርጭቆ አደረጉት እኮ፣ ጋሽ ከድር።»

«አንቺ የት ተምረሽ ነው ስለ መጽሐፍ የምትነግሪኝ?» ብለው ሳቁ።

ደሜ ፈላ። አስተግፊሩላህ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት የባለቤቴን ካቻቢቴ ይዤ ሄድኩ። መምህርቷ መስታወቱን እየያዘችልኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ የቁምሳጥኑን ሁለቱንም በር ከማጠፊያቸው ፈታሁ። ልጆቹ መጽሐፉን ሲሻሙ፣ በሮቹን ለእንግዳ ማሳያ እንዲሆኗቸው ጋሽ ከድር ቢሮ ግድግዳ ላይ አስደገፍኳቸው።