የካፕላሜትንና የቼሩንግን መስመር ያገናኙት ምዜ ሳሙኤል

ወዳጅ ዘመዶች፣ የአጎቴን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ ሲያዘኝ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደራህን እንዳታስለቅሰን ብሎኛል። ሟቹ ራሳቸው ሲስቁ ኖረው ሲስቁ የሄዱ ሰው ስለሆኑ ትእዛዙ አልከበደኝም።

እንደ አዛውንትነታቸው በክብር ምዜ የምንላቸው ሳሙኤል ኪፕንጌኖ አራፕ ሶይ ከአባታቸው ከአራፕ ሶይና ከእናታቸው ከታፕሉሌ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ከኬሪቾ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን ተወለዱ፤ የተወለዱትም ከብቶቹ ጨው ሊልሱ በወረዱበት ሰዓት ስለነበር እንደ ወጋችን ኪፕንጌኖ ተባሉ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው ሳለ የርዕሰ መምህሩን ሬዲዮ ፈታተው መልሰው ሲገጥሙት ብሎን ተርፏቸው፣ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ በመናገሩ ከቅጣት ለጥቂት ማምለጣቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩ ኖረዋል። ኋላም ናይሮቢ ወርደው የስልክ ሙያ ተምረው እንደ ተመረቁ በካፕላሜት የሻይ እርሻ ተቀጠሩ።

ካፕላሜት በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ስልክ የተለየ የራሱ መስመር ነበረው። ፋብሪካው፣ ቅጠል መመዘኛው፣ ክሊኒኩና የሠራተኛው ሰፈር እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ የውጭ ሰው በቀጥታ የማይገባበት የግል ኔትወርክ ነበር። ይህ ምን እንደሆነ የጠየቃቸውን ሁሉ ምዜ ሳሙኤል እንዲህ ብለው ያስረዱ ነበር፦ «ልጅህ ቤትህ ውስጥ ሆኖ "እማዬ" ሲል የምትመጣው እናቱ ናት። የጎረቤትህም ልጅ "እማዬ" ይላል፣ የእሱም እናት ትመጣለች። ስሙ አንድ ነው፣ ግን አጥሩ ስለለያቸው የሚደናገር የለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን በሩ ላይ ቆሞ ያንኳኳል፤ ዘበኛው ነው የሚያገናኘው።»

በዚያው ዘመን የወይዘሮ ራኤል ቼሮኖ ፍቅር ያዛቸው። ወይዘሮ ራኤል በጎረቤት እርሻ በቼሩንግ የሻይ ቀማሽ የነበሩት የምዜ ዜፋኒያ አራፕ ሞሶኒክ ልጅ ናቸው። ሽማግሌ ቢላክ፣ ምዜ ዜፋኒያ «ውሎው እንደ ወፍ የስልክ እንጨት ላይ የሆነ ሰው ልጄን የት ሊያሰፍራት ነው?» ብለው መለሱ። ወጣቶቹ ግን ያለ አባት ምርቃት በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ አባትም «ከእንግዲህ ድምፄ በዚያ ሰው ጆሮ አይገባም» ብለው ማሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ገበያ ላይ ሲገናኙ እንኳን ፊታቸውን ወደ ሙዝ ሻጮቹ ያዞሩ ነበር። ምዜ ሳሙኤል ዘወትር ሳቂታ ቢሆኑም ይህ ነገር እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር፤ ወይዘሮ ራኤልም የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲያረግዙ፣ አባቴ ሳይመርቀው የሚወለድ ልጅ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

በዚህ መካከል ሁለቱ እርሻዎች በአንድ ባለቤት ሥር ሆኑና መስመራቸው እንዲገናኝ ታዘዘ። የሚስታቸው መውለጃ የተቃረበባቸው ምዜ ሳሙኤል ሥራውን በጥድፊያ ጨረሱት። ሁለቱም እርሻዎች ለየራሳቸው የሰጧቸው ቁጥሮች ተመሳሳይ መሆናቸውን እያወቁ፣ የማስተካከሉን ሥራ ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላለፉት። ያ የእማዬ ምሳሌ ከአፋቸው የማይጠፋ ሰው አጥሩን ራሳቸው አፍርሰው፣ ሁለቱን እናቶች በአንድ ስም አስቀርተዋቸው ሄዱ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ምጥ የመጣባቸው ወይዘሮ ራኤል የካፕላሜትን ክሊኒክ ቁጥር ደወሉ። ያው ቁጥር በቼሩንግ የሻይ መቅመሻው ክፍል ቁጥር ነበርና፣ መስመሩ ተደባልቆ ስልኩ ያንጫረረው ከምዜ ዜፋኒያ ስኒዎች አጠገብ ነው።

«እህቴ፣ ያዘኝ፣ ቶሎ ድረሱልኝ!» አሉ ወይዘሮ ራኤል።

ምዜ ዜፋኒያ የልጃቸውን ድምፅ ለዩት። በአፋቸው የያዙትን ሻይ እንደ ሥራቸው ደንብ መትፋታቸውን ትተው ዋጡት።

«ነርሷ አይደለሁም ልጄ፣ አባትሽ ነኝ። አይዞሽ፣ መጣሁልሽ!» አሉ።

ከቼሩንግ ክሊኒክ አዋላጇን ይዘው፣ ቅጠል የሚጭነውን ትራክተር ራሳቸው እየነዱ ድንበሩን ተሻግረው ደረሱ፤ ልጅቷም በሰላም ተወለደች። ምዜ ሳሙኤል ይህን ሁሉ ሳያውቁ በድንበሩ ላይ ምሰሶ ወጥተው ሽቦ ሲያጠብቁ ነበር። አማታቸው በትራክተር ወደ እሳቸው ሲመጡ ባዩ ጊዜ ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ ጨመሩ።

«አንተ! ውረድ!» አሉ ምዜ ዜፋኒያ።

«አባቴ፣ ሊመቱኝ ከሆነ እዚሁ ልደር!»

«እኔን ክሊኒክ አድርገኸኝ ልመታህ አምሮኝ ነበር፤ ግን ሴት ልጅ ወልደሃል። ውረድና ሳመኝ!»

ምዜ ሳሙኤል እንዴት እንደ ወረዱ አያስታውሱትም ነበር። በዚያ ምሽት ምዜ ዜፋኒያ ሙርሲክ የምንለውን በቅል የረጋ ወተት አስመጥተው በገዛ እጃቸው አጠጧቸው፤ የቀረውንም ምርቃት ሁሉ አወረዱ። የመንደሩ ሴቶች ሕፃኗን በስልክ የመጣች ሲሉ ቼፕሲሙ ብለው ሰየሟት፤ የክርስትና ስሟ ግላዲስ ቢሆንም የሚጠራት የለም።

ቁጥሩ ሲስተካከል ግን ካፕላሜትም ቼሩንግም የለመድነውን አንለቅም ብለው ተፋጠጡ። ምዜ ሳሙኤልም ሁሉም በየእርሻው የለመደውን ቁጥር እንዲይዝ፣ ድንበር ተሻግሮ የሚደውል ግን አስቀድሞ እንደ በር ማንኳኳት የሚቆጠር አንድ መለያ ቁጥር እንዲመታ አድርገው አስታረቁ። ዘመኑ ተለውጦ ኮምፒውተር ሲመጣም አዲስ አልሆነባቸውም፤ ይኸው የእማዬ ነገር ነው እያሉ ፋብሪካውን በግል መረብ አያያዙት። ጡረታ ከወጡም በኋላ ለመንደራችን ትምህርት ቤት ከውጭ ኢንተርኔት ያልተገናኘ የራሱን መረብ ዘርግተው፣ ልጆቹ በአንድ ኮምፒውተር የተከማቹትን መጻሕፍት ከየክፍላቸው እንዲያነቡ አድርገዋል።

ምዜ ሳሙኤል ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከሚስታቸው ጋር እየቀለዱ ሳሉ በሰላም አረፉ። ከኋላቸውም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ራኤልን፣ ልጃቸውን ቼፕሲሙን፣ ወንዶች ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድም እህቶቻቸውንና እኛን የእህት ልጆቻቸውን ትተዋል።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ለቤተሰቡ ሳነብ እዚህ መጨረሻው ላይ «አማታቸው ምዜ ዜፋኒያ» የሚል ነበረበት። ምዜ ዜፋኒያ በከዘራቸው ወለሉን መትተው አስቆሙኝ። «አማት ምን ማለት ነው? ሰርዘው! አባቱ በል!» አሉኝ።

ስለዚህ ምዜ ሳሙኤል ከፊት ወንበር የተቀመጡትን አባታቸውን ምዜ ዜፋኒያ አራፕ ሞሶኒክን ትተዋል። የሰማዩ አባታችን ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን፤ እኚህንም አባት ያጽናናልን። አሜን።