የታንጉት ካርድ

በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፤ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ አቶ ይሄይስ በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል የመዝገብ ሠራተኛዋን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ያነጋግራል።

ይሄይስ፦ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እትዬ ጥሩወርቅ። አየት አድርጌ እመልስልዎታለሁ።

ጥሩወርቅ፦ አምስት ደቂቃም አምስት ዓመትም ያው ነው። የታንጉት ካርድ ከዚህ መስኮት አይወጣም።

ይሄይስ፦ እኔ እኮ ኃላፊ ነኝ፤ የመንደር ወሬኛ አደረጉኝ?

ጥሩወርቅ፦ ሐኪሟ ነዎት?

ይሄይስ፦ አይደለሁም።

ጥሩወርቅ፦ እሷ ልካዎት ነው?

ይሄይስ፦ ኧረ በማርያም! ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ምን እንዳደረገችን አልሰሙም?

ጥሩወርቅ፦ ነበርኩ፣ ከኋላ ተቀምጬ። «እህቴ አንጓች ምጥ ይዟት ስንደውል አምቡላንሱ የት ነበር?» አለች። ሌላ ምን አለች?

ይሄይስ፦ ከዞን የመጡ እንግዶች ባሉበት! አዳራሹ ሲያጨበጭብላት አስተዳዳሪውን ላብ አጠመቀው።

ጥሩወርቅ፦ አንጓችን ደግሞ ደም አጠመቃት። ቃሬዛ ላይ ነው የሞተችው።

ይሄይስ፦ ነፍስ ይማር፤ እኔም አዝኛለሁ። ግን ነገ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል፣ መልስ አቅርቡ ተብለናል።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ መልሱ ታንጉት ካርድ ውስጥ ምን ይሠራል?

ይሄይስ፦ አምና እዚህ ትመላለስ ነበር አሉ። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ምናምን። መድኃኒትም ታዞላታል ይባላል። እሱን ብቻ ካረጋገጥኩ ይበቃኛል።

ጥሩወርቅ፦ አረጋግጠው ምን ሊሉ?

ይሄይስ፦ በጨዋ ደንብ ነው የምናገረው። «እህታችን ሕመም ላይ ናት፤ በተናገረችው አንፍረድባት» ብቻ።

ጥሩወርቅ፦ እብድ ናት ሊሉ ነዋ።

ይሄይስ፦ እሱ ከአፌ አልወጣም!

ጥሩወርቅ፦ ሌላው እንዲለው ነው የሚፈልጉት። ባለፈው ወር የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ወጥቷል ብላችሁ ሰብስባችሁ ያሠለጠናችሁን እናንተ አይደላችሁም? እርስዎ ራስዎ «የታካሚ ምስጢር!» እያሉ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ነበር።

ይሄይስ፦ እሱ ለሌላ ነው። ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲያው በደብዳቤ ይጠይቁኝ። ለምን እንደፈለጉት ጽፈው፣ ፈርመው።

ይሄይስ፦ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል እንዴ?

ጥሩወርቅ፦ የማይጻፍ ከሆነ አይሠራማ።

ይሄይስ፦ ስሚ አንቺ ሴትዮ! ለጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ነገ በረሃ ላይ ያለ ጤና ኬላ ቢመድቡሽ ማን ይደርስልሻል?

ጥሩወርቅ፦ «አንቺ» ሆንኩ? ጥሩ፣ አሁን ተግባባን። እዚያም ካርድ አለ፤ እዚያም አልሰጥም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ስቀመጥ የስንቱን ገመና አውቃለሁ መሰለህ? የአስተዳዳሪውን፣ የእናትህን፣ ያንተን። አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ሰምተሃል?

ይሄይስ፦ አልሰማሁም።

ጥሩወርቅ፦ አሥረኛ ክፍል ሳለህ እዚሁ መስኮት ላይ ቆመህ ስታለቅስ ያየሁህ እኔ ነኝ። ለእናትህ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ነገ አንዱ ተነስቶ ያንተን ካርድ ምክር ቤት ፊት ያንብበው?

ይሄይስ፦ እሱን ተዪው... ተዪው አልኩሽ እኮ! እሺ፣ ነገ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥሩወርቅ፦ የተጠየቅከውን። አምቡላንሱ የት እንደነበር።

ይሄይስ፦ ማን ያውቃል? ሾፌሩ እንኳ አላስታውስም ብሏል።

ጥሩወርቅ፦ የመኪናው መውጫ መዝገብ ያስታውሳል። እኛው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። የታንጉት ሕመም የራሷ ነው፤ አምቡላንሱ ግን የሕዝብ ነው። እሱን የመጠየቅ መብት አለን።

ይሄይስ፦ የታለ መዝገቡ? እስቲ አምጪው።

ጥሩወርቅ፦ ዛሬ ጠዋት ምክር ቤቱ በሕጋዊ መንገድ ጠይቆ ወሰደው። አንጓች የሞተችበት ቀን ገጽ ላይ የታካሚ ስም የለም፤ «ለስብሰባ ወንበር ማመላለሻ» ይላል። ከሥሩ የፈረምከው አንተ ነህ።