የአጎቴ መኪና አመል

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የአጎቴ የሰይድ መኪና በዕድሜ ትበልጠኛለች። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ግራ ትስባለች፤ ከፊት ለፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ልታጋጨን። እሳቸው ግን ፍሬን ሲይዙ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ ያደርጉና "አመሏ ነው፤ እኔና እሷ ተግባብተናል" ይላሉ።

አላስችል ቢለኝ ወልድያ ጋራዥ ወሰድኳት። ለካ የቀኙ የፊት ጎማ ፍሬን ተጣብቆ፣ የሚይዘው የግራው ብቻ ኖሯል። መካኒኩ ፈቶ አስተካከለው፤ ስንሞክራት ቀጥ ብላ ቆመች። አጎቴ ወዳሉበት ወደ መርሳ ከተማ መልሼ ቁልፉን ስሰጣቸው "አጎቴ፣ ተሠርታለች፤ ከእንግዲህ መሪውን እንዳይጠመዝዙት" አልኳቸው። "አብሽር፣ መንዳት ልታስተምረኝ ነው እንዴ?" ብለው አስነሱ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ ፍየሎች መንገድ ገቡ። አጎቴ ፍሬን ያዙ፤ መሪውንም እንደለመዱት ወደ ቀኝ ጠመዘዙት። ከአስፋልቱ ወጥተን የሰው ማንጎ ሥር ቆምን። አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ፍየሎቹም ተረፍን። ወርደው መኪናዋን ዞረው አዩና "ደህናዋን መኪናዬን አበላሽተህ አመጣህልኝ" አሉኝ።

በማግስቱ መካኒኩ ከወልድያ ደወለልኝ። "አጎትህ እዚህ መጥተው የቀኙን ፍሬን እንደነበረው አጣብቅልኝ እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?"